ሰው አይሲዩ ሲገባባችሁ፦ ጎንደር ላይ ለሚያስታምም ቤተሰብ ዝርዝር መመሪያ

አባቴ አይሲዩ (በጽኑ የታመመ ሰው የሚታከምበት ክፍል) 11 ቀን ተኝተው ነበር። ስድስት ልጆች ነን። ስድስታችንም ያገኘነውን ሐኪምና ነርስ ሁሉ ጠየቅን፣ ስድስት ዓይነት ወሬ ይዘን ተመለስን። አንዷ እህቴ «ተሽሏቸዋል» ብላ ዘመድ አረጋጋች። በዚያው ሰዓት ወንድሜ «ተስፋ የለም» ብሎ አጎታችንን ከደባርቅ አስጠራ። አንዱን መድኃኒት ሁለቴ ገዛን። የተፈለገው ሌላው መድኃኒት ሳይገዛ አደረ። ሁላችንም ስለምንወዳቸው ነበር የምንሮጠው፤ ግን አንድ ላይ አልሮጥንም።

ከዚያ ወዲህ ሰው የገባበት ዘመድና ጎረቤት ሲደውልልኝ የምነግረው ይኸው ነው። አሁን በሩ ላይ ቆማችሁ የምታነቡ ከሆነ ደረጃ 1ን ብቻ አንብቡና ሥሩ። ሌላውን ማታ ታነቡታላችሁ።

ደረጃ 1፦ የመጀመሪያው ሰዓት

1. ሁለት ስልክ ቁጥር ለነርሷ ስጡ። አንዱ ቻርጅ ቢጨርስ ወይም ኔትወርክ ቢያጣ ሌላው እንዲሠራ ነው። በወረቀት ጻፉትና ካርዱ ላይ እንዲያያዝ ጠይቁ። በቃል ብቻ የተነገረ ቁጥር ተረኛ ሲቀየር ይጠፋል።

2. ቀለበት፣ አምባር፣ ሀብል አውልቁ። እዚያ የተኛ ሰው ጣቱ ሊያብጥ ይችላል፤ ካበጠ በኋላ ቀለበቱ በመቁረጫ ነው የሚወጣው። ጥፍር ቀለም ካለ ይለቅ። እንሶስላ ወይም ሂና ካለ ለነርሷ ንገሩ። ጣት ላይ የሚታሰረው የኦክስጅን መለኪያ በብርሃን ስለሚሠራ ቀለም ሊያሳስተው ይችላል።

3. ስለ ማተብ ቀድማችሁ ተናገሩ። አንገት ላይ መስመር (መድኃኒት የሚገባበት ቀጭን ቱቦ) መክፈት ካስፈለገ ማተቡ ሊበጠስ ይችላል፣ ቤተሰብም በኋላ አይቶ ይደነግጣል። «ሲስተር፣ ማተቡ የሚያስቸግር ከሆነ እባክዎ ክንዱ ላይ ይታሰርልን» በሉ። ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ያደርጉታል። ክታብም እንደዚሁ።

4. ሰውየው የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው በፌስታል አምጡ። የስኳር፣ የግፊት፣ የሚጥል በሽታ፣ የቲቢ፣ የኤችአይቪ፣ ምንም ይሁን። የጠጣው የሀበሻ መድኃኒት ካለም ተናገሩ። አረቄ በየቀኑ የሚጠጣ ከሆነ አትደብቁ። በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም ሊንቀጠቀጥ፣ ሊቃዥ፣ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል። ሐኪሙ ካላወቀ መንስኤውን ሌላ ቦታ ሲፈልግ ጊዜ ይሄዳል። በሰው ፊት መናገር ካሳፈራችሁ ሐኪሙን ወደ ጎን ጠርታችሁ ንገሩት።

5. መታወቂያ፣ የጤና መድን ደብተርና የሪፈር ወረቀቱን አንድ ፖስታ ውስጥ ክተቱ። ከጭልጋ፣ ከመተማ፣ ከዳባት በሪፈር የመጣችሁ፣ የሪፈር ወረቀቱን ዋናውን ለማንም አትስጡ፤ ኮፒ አድርጋችሁ ኮፒውን ስጡ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያለ ሪፈር ሽፋኑ ሊቀር ይችላል። መድኑ መታደሱንም እዚያው አረጋግጡ።

6. ገና ለሁሉም አትደውሉ። ለሁለት ሰው ብቻ ደውሉ። መጀመሪያ ደረጃ 2ን ጨርሱ።

ደረጃ 2፦ አንድ አፍ፣ አንድ ደብተር

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህችን ውሰዱ።

ከቤተሰቡ አንድ ተጠሪ ምረጡ። ከሐኪም ጋር የሚነጋገረው እሱ ወይም እሷ ብቻ ናት። ሲደክማት የሚተካት አንድ ሌላ ሰው ይኑር። ከሁለት አይበልጥም።

ማን ይሁን? እኛ አገር ታላቅ ይቅደም ይባላል። ለውሳኔው ይቅደም። ለተጠሪነት ግን በየቀኑ መገኘት የሚችል፣ የሚጽፍ፣ ክፉ ወሬ ሲሰማ ራሱን የማይስት ሰው ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ እሷ መካከለኛዋ ልጅ ናት። ለጋሼ እንዲህ በሉት፦ «የመጨረሻው ቃል ያንተ ነው። የሰማችውን ማታ ማታ መጀመሪያ ላንተ ትነግርሃለች።» ክብሩ ሲጠበቅለት ይቀበላል።

ቤተሰቡ ውስጥ የጤና ባለሙያ ካለ ተጠሪዋን ያማክር እንጂ ከአዲስ አበባ ሆኖ በራሱ ወደ ሐኪሙ አይደውል። ሁለት መንገድ ከተከፈተ እንደገና ሁለት ወሬ ነው።

ደብተሩ የ10 ብርም ሆነ የ50 ብር ግድ የለም። በግራ ገጽ ሐኪሙ የተናገረውን ጻፉ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የሐኪሙ ስም፣ የተባለው። በቀኝ ገጽ የተገዛውን ጻፉ፦ መድኃኒቱ፣ ብዛቱ፣ ዋጋው፣ ማን እንደከፈለ፣ ለማን እንደተሰጠ። ሰዓት ስትጽፉ ጠዋት፣ ከሰዓት ወይም ማታ ማለቱን አትርሱ። «3 ሰዓት» ብቻ ከሆነ ከሦስት ቀን በኋላ የቱ 3 ሰዓት እንደሆነ ታጡታላችሁ።

ማታ ማታ ሁላችሁም አንድ ቦታ ተቀመጡና ደብተሩ ይነበብ። በቃል አይተረክ፣ ይነበብ። ውጭ አገር ያሉት በቴሌግራም ይስሙ። በቀን አንድ መልእክት ይበቃል። ሌሊት እየደወሉ ተጠሪዋን የሚያስነሱትን «ማታ 2 ሰዓት ላይ ይነገራል» በሏቸው።

አንዱ ወንድም እምቢ ብሎ በራሱ ቢጠይቅስ? አትጣሉት። ያመጣውን ወሬ ደብተሩ ላይ እንደ ጥያቄ ጻፉትና ጠዋት ተጠሪዋ ሐኪሙን ትጠይቅበት። ሁለት ቀን እንዲህ ስታደርጉ ራሱ ይተዋል።

ደረጃ 3፦ ከሐኪሙ እውነተኛ መልስ ማግኘት

በ1979 እ.ኤ.አ. ናንሲ ሞልተር የምትባል አሜሪካዊት ነርስ 40 የአይሲዩ ታማሚ ዘመዶችን 45 ፍላጎቶች ዘርዝራ የትኛው እንደሚብስባቸው ጠየቀቻቸው። ተስፋ እንዳለ ማወቅና ለጥያቄያቸው እውነተኛ መልስ ማግኘት ከላይ ከወጡት ውስጥ ናቸው። ጎንደርም ላይ ሌላ ነገር አላየሁም። የሚጎድለን መጠየቂያው ነው። በር ላይ ቆመን «እንዴት ነው?» እንላለን፤ «ደህና ነው» እንባላለን። በዚህ መልስ ማንም ምንም አላወቀም።

ሰዓቱን ያዙ። የሐኪሞቹ ራውንድ (ታማሚዎቹን እየዞሩ የሚያዩበት ሰዓት) ብዙ ጊዜ ጠዋት ነው። መቼ እንደሚያልቅ ነርሷን ጠይቁና ከዚያ በፊት በሩ ላይ ተገኙ። ሐኪሙ ሲወጣ ሁላችሁም አትክበቡት። ተጠሪዋ ብቻ ትቅረብ፦

«ዶክተር፣ ይቅርታ፣ የአልጋ 4 ታማሚ ልጅ ነኝ። ቤተሰቡን ወክዬ የምጠይቀው እኔ ብቻ ነኝ። 5 ደቂቃ ይሰጡኛል?»

«እኔ ብቻ ነኝ» የምትለዋን አትርሱ። ሐኪሙ ያንኑ ነገር ለሰባት ሰው ደጋግሞ መናገር እንደማይጠበቅበት ሲያውቅ ይቆምላችኋል።

ከዚያ እነዚህን በቅደም ተከተል ጠይቁ፦

1. አሁን ሕይወቱን የሚያሰጋው ዋናው ነገር ምንድን ነው?
2. ከትናንት ዛሬ ተሻለው፣ ባሰበት፣ ወይስ እንዳለ ነው? በምን አወቃችሁ?
3. ዛሬ ምን ልታደርጉለት አስባችኋል?
4. ነገ ምን ብናይ ደስ ይበለን? ምን ብናይ እንፍራ?
5. ከእኛ ምን ይፈለጋል?

ሲጨርስ የገባችሁን መልሳችሁ ንገሩት፦ «እንግዲህ የገባኝ፣ ሳንባው ኢንፌክሽን አለው፣ ዛሬ መድኃኒት ይቀየርለታል፣ ማሽኑ ገና አይነሳም፣ ትክክል ነኝ?» ከተሳሳታችሁ እዚያው ያርማችኋል።

«ይድናል ወይ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ «እግዚአብሔር ያውቃል» ነው መልሱ። እውነት ነው፣ ግን አያሳርፍም። ይልቅ «እንዲህ ሆነው ከገቡ ሰዎች ብዙዎቹ ምን ይሆናሉ?» በሉ። ይህን ሐኪሙ ካየው ተነስቶ ይመልሳል።

የሚያሳስቱ ቃላት አሉ። እኔን ያሳሳቱኝን ልንገራችሁ።

ስቴብል ማለት ተሻለው ማለት አይደለም። አልተለወጠም፣ እየወረደም አይደለም ማለት ነው። በጣም የታመመ ሰው ስቴብል ሊባል ይችላል። እኛ ይህን ቃል ሰምተን እልል ብለናል፣ በማግስቱ ባሰባቸው።

ሴዴሽን ማለት ሆን ተብሎ በመድኃኒት የተሰጠ እንቅልፍ ነው። ሰውየው አለመንቃቱ ራሱ ደከመ ማለት ላይሆን ይችላል። «እንቅልፉ ከበሽታው ነው ወይስ ከመድኃኒቱ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ኢንቱቤት ተደረገ ሲሉ በአፉ እስከ አየር ቧንቧው ድረስ ቱቦ ገብቶለት ቬንትሌተር የሚባል ማሽን እያስተነፈሰው ነው ማለት ነው። ቱቦው በድምፅ አውታሮቹ መሐል ስለሚያልፍ መናገር አይችልም። ድምፁ አልጠፋም። ጊዜው ሲረዝም አንገቱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ከፍተው ቱቦውን በዚያ ሊያዞሩት ይችላሉ፤ ትራኪዮስቶሚ ይሉታል። ይህን ሲነግሯችሁ «አበቃለት» ብላችሁ አታልቅሱ። ሰውየው ሲሻለው ቱቦው ብዙ ጊዜ ይወጣል።

ጂሲኤስ የሚባለው የንቃት መለኪያ ከ3 ጀምሮ እስከ 15 ነው። ዜሮ የለውም። 3 ዝቅተኛው ነው፣ 15 ሙሉ ንቃት። ቁጥሩን ደብተራችሁ ላይ በየቀኑ ጻፉት። እንቅልፍ የሚሰጠው መድኃኒት ቁጥሩን እንደሚያወርደው ግን አትርሱ።

ፊርማ ሲጠይቋችሁ አራት ነገር ሳትሰሙ አትፈርሙ፦ ምን ሊደረግ ነው፣ ለምን፣ ጉዳቱ ምን ሊሆን ይችላል፣ ባይደረግስ ምን ይሆናል። ጊዜ የሌለው ድንገተኛ ነገር ከሆነ ግን «ዘመድ እስኪሰበሰብ» ብላችሁ አታዘግዩ።

ሁለት ሐኪሞች የተለያየ ነገር ቢነግሯችሁ ደብተሩን ከፍታችሁ «ትናንት እንዲህ ተብለን ነበር፣ ተለውጦ ነው?» በሉ። በቁጣ አትጠይቁ። ብዙ ጊዜ የተለወጠው በሽታው ነው።

ቀኑን ሙሉ የሚያናግራችሁ ብታጡስ? መጀመሪያ የክፍሉን ዋና ነርስ። እዚያ ካልሆነ የሆስፒታሉን ላይዘን ቢሮ (ታካሚን ከሆስፒታሉ ክፍሎች ጋር የሚያገናኘውን)። በር ላይ ከቆመው ጥበቃ ጋር መጣላት ምንም አያመጣም፤ እሱ መልሱ የለውም።

ደረጃ 4፦ አልጋው አጠገብ

ከመግባታችሁ በፊት። እጃችሁን በሳሙና ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ታጠቡ፣ ወይም በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ እሹት። ስትወጡም ድገሙት። ነጠላችሁን ወገባችሁ ላይ እሰሩት፤ የተንጠለጠለ ጫፍ መስመር ይዞ ይነቅላል። ውጭ መሬት ላይ የተነጠፈ ጋቢ ይዛችሁ አትግቡ። ጉንፋን የያዘው ሰው ዛሬ ይቅርበት።

መጀመሪያ ፊቱን እዩ። ማሽኑን አትዩ። ብዙ ሰው ገብቶ ቁጥሩን ሲያይ ቆይቶ ሰውየውን ሳያናግር ይወጣል።

አናግሩት። እንቅልፍ ላይ ቢሆንም ሊሰማ ይችላል። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ፣ በጆሮው በኩል፣ አጭር አጭር አድርጋችሁ። እኔ አባቴን እንዲህ እላቸው ነበር፦ «አባባ፣ እኔ ነኝ፣ ልጅዎ። ሐኪም ቤት ነዎት። ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ጠዋት ነው። አፍዎ ላይ ያለው ለመተንፈሻ ነው፣ አይንኩት። እማማ ደህና ናት።» በየቀኑ ይህንኑ ደገምኩ። ቀንና ቦታ መንገር ግራ መጋባትን ይቀንሳል። መነጽር ወይም የጆሮ መስሚያ ካለው አምጡለትና ሲነቃ እንዲደረግለት ጠይቁ።

ዕዳና ክርክር፣ የቀብር ነገርና የልጆች ጠብ አልጋው አጠገብ አይወራ። ልቅሶ ከመጣባችሁ ውጡ፣ አልቅሳችሁ ተመለሱ።

እጁን ያዙት። መስመር የሌለበትን እጅ። የትኛው እንደሆነ ነርሷን ጠይቁ።

እነዚህን አታድርጉ፦

ውኃ በአፉ አትስጡ። አጥሚትም፣ አምቦ ውኃም፣ ማርም። በአፍንጫ ቱቦ የሚመገብ ሰው መዋጥ ላይችል ይችላል፣ ያጠጣችሁት ሳንባው ውስጥ ይገባል። ከንፈሩ ከደረቀባችሁ ነርሷ በእርጥብ ጎዝ (የሐኪም ቤት ስስ ጨርቅ) እንድታብሰው ወይም እንድታሳያችሁ ጠይቁ።

የአልጋውን ራስጌ ዝቅ አታድርጉ። «ተጨናነቀ፣ ጋደም ይበል» ብላችሁ አዝናችሁለት ነው፣ አውቃለሁ። ግን ብዙ ጊዜ ራስጌው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ የሚለው ከሆድ የሚመለስ ነገር ወደ ሳንባ እንዳይሄድ ነው።

ቅቤ ወይም ቫዝሊን ፊቱ ላይ አትቀቡ። ኦክስጅን ባለበት ቅባት እሳት ሊያባብስ ይችላል። ጧፍና ዕጣን ደግሞ በጭራሽ።

ማሽን ሲጮህ አትንኩት። ከሚጮኸው ውስጥ ብዙው ጣቱ ላይ ያለው መለኪያ ስለላላ ወይም ስለተንቀሳቀሰ ነው። ነርሷ ካልሰማች በእርጋታ ጥሯት። ለማወቅ ያህል፦ የአዋቂ ሰው የልብ ምት በእረፍት ጊዜ ከ60 እስከ 100 ነው። የታመመ ሰው ግን ከዚህ ይወጣል። ቁጥር እየቆጠራችሁ አትውሉ፤ ሐኪሙ የፈለገው ቁጥር ስንት እንደሆነ አንዴ ጠይቁና ይብቃችሁ።

ፎቶ አታንሱ። በኋላ የሚድን ሰው ነው፣ ያን ፎቶ ያየዋል።

እጁ ታስሮ ብታዩ አትደንግጡ። ቱቦውን እንዳይነቅል ነው። «እኔ ስይዘው ይፈታ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከፈቱላችሁ እጁን ለአፍታ አትልቀቁ።

ሲነቃ ሌላ ሰው ቢሆንባችሁስ? የሌለ ሰው ያያል፣ ይሳደባል፣ «ሊገድሉኝ ነው» ይላል። እናቴ ይህን ባየች ጊዜ «መንፈስ ነው» ብላ ነበር። አይሲዩ ውስጥ ይህ በጣም የተለመደ ነገር ነው። ከሕመሙ፣ ከመድኃኒቱ፣ ከእንቅልፍ ማጣት የሚመጣ መቃዠት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። አትከራከሩት፣ አትሳቁበትም። ስሙን ጥሩት፣ የት እንዳለ ንገሩት፣ ለነርሷም አሳውቁ። ትናንት ያልነበረ ከሆነ በተለይ አሳውቁ።

ደረጃ 5፦ መድኃኒት፣ ደም፣ ገንዘብ

ማዘዣ ሲሰጣችሁ በስልክ ፎቶ አንሱት። ከዚያ ነርሷን «የዛሬ ነው? ስንት ሰዓት ላይ ይፈለጋል?» በሏት። የሆስፒታሉን ፋርማሲ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ቀጥሎ ደጁ ላይ ያሉትን፣ ከዚያ ፒያሳንና አዘዞን። ሁለት ሰው በሁለት አቅጣጫ ቢሄድ ይፈጥናል፤ ያገኘው ግን ከመክፈሉ በፊት ለሌላው ይደውል። እኛ ሁለቴ የገዛነው ይህን ስላላደረግን ነው።

ስሙ ብቻ አይበቃም። ሚሊግራሙ፣ ብዛቱ፣ የሚያልፍበት ቀን ይታይ። «ይህ የለም፣ ተመሳሳዩ አለ» ካሏችሁ ሳትገዙ ለነርሷ ወይም ለሐኪሙ ደውሉ። ቀዝቃዛ ቦታ የሚቀመጥ ከሆነ በረዶ ይዞ ይሰጣችሁ፣ በባጃጅ ፀሐይ ላይ አይዋል።

ጎንደር ላይ ከጠፋ ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚያ ያለ ዘመድ ማዘዣውን በፎቶ ይላክለት፣ ገዝቶ በጠዋት መኪና ይስደድ። መንገዱ ክፍት መሆኑን ሳትጠይቁ ግን ሰው አትላኩ። ያስረከባችሁትን መድኃኒት ማን እንደተቀበለ ጻፉ። ደረሰኝ አይጣል።

ደም ከተፈለገ ከ18 እስከ 65 ዓመት፣ ከ45 ኪሎ በላይ የሆነ፣ ባለፉት 3 ወራት ያልሰጠ ጤነኛ ሰው ነው የሚሰጠው። በልቶና ውኃ ጠጥቶ ይሂድ። ሌሊት ሲያስታምም ያደረውን አትላኩት፣ ወድቆ ሁለት በሽተኛ ይሆንባችኋል።

ገንዘቡን አንድ ሰው ይያዝ። ተጠሪዋ ባትሆን ይሻላል። ሁሉም በቴሌብር ወይም በባንክ ለእሱ ይላክ፣ እሱም ደብተሩ ላይ ያስመዝግብ። የእድር ገንዘብ ለሕመም ጊዜም የሚሰጥ እድር አለ፤ ዳኛውን ጠይቁ። በሬ ወይም መሬት ለመሸጥ ከመወሰናችሁ በፊት ሐኪሙን «ስንት ቀን ያህል ይቆያል ብለው ያስባሉ?» በሉት። በመጀመሪያው ቀን በድንጋጤ የተሸጠ በሬ በግማሽ ዋጋው ነው የሚሄደው።

ደረጃ 6፦ ጠያቂ

የጎንደር ሰው ታሞ የማይጠየቅ የለም። ይህ ሀብታችን ነው። ነገር ግን 30 ሰው በአንዲት በር ሲገፋ ነርሶቹ በሩን ይዘጋሉ፣ ሚስትም ልጅም ሳይገቡ ይውላሉ።

አንድ ሰው በር ላይ ይመደብ፣ ጨዋ አንደበት ያለው። «ደርሰውልናል፣ እግዜር ይስጥልን። ዛሬ የሚገቡት ልጆቹ ብቻ ናቸው። መምጣትዎን እንነግረዋለን።» ስማቸውንም በእርግጥ ይጻፍ፣ ሲነቃ ይነበብለት። መርዳት የሚፈልግ ጠያቂ ሥራ ይሰጠው፦ ለአዳሪው እንጀራ ማምጣት፣ እቤት የቀሩ ልጆችን ማየት፣ የእርሻውን ከብት መጠበቅ።

ጥምቀት ሰሞን ከሆነ አስቀድማችሁ ተዘጋጁ። ጥር 10 እና 11 ከተማው ይሞላል፣ ማደሪያ ይጠፋል፣ በፒያሳና በፋሲለደስ መዋኛ በኩል መኪና አያልፍም። የሁለት ቀን መድኃኒት ቀድማችሁ ግዙ፣ ተረኛ አስታማሚውም በጠዋት ይግባ።

ደረጃ 7፦ ጸበል፣ ጸሎት፣ ዱዓ

ይህን ጉዳይ ብዙ ሰው ከሐኪም ይደብቃል። አትደብቁ። «ሲስተር፣ ጸበል አለን፣ እንዴት እናድርግ?» በሉ። በአፍ አይሰጥም፣ ሰውነት ላይም አይፈስም፤ በአካባቢው ኤሌክትሪክ አለ፣ የተሰፋ ቁስል አለ። ነገር ግን በንጹሕ ጎዝ ግንባሩን መንካት ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል። ዘምዘምም በዚሁ መንገድ። የንስሐ አባትም ሆኑ ሼኽ መግባት የሚችሉበትን ሰዓት ጠይቁ። ጸሎቱን ወይም ቁርአኑን በስልክ ዝቅ ባለ ድምፅ ማሰማትም ይቻላል።

አንዳንዱ ቤተሰብ «ይውጣልንና ጸበል እንውሰደው» ይላል። ከመፈረማችሁ በፊት ሐኪሙን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ከማሽኑ ቢለይ ስንት ደቂቃ ይቆያል? መንገድ ላይ ምን ይሆናል? መልሱን ሰምታችሁ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተማከሩ። ጸበሉ ወደ እሱ መምጣት እየቻለ እሱ ወደ ጸበሉ ሲሄድ መንገድ ላይ የቀረ ሰው እንዳይሆንባችሁ።

ደረጃ 8፦ አስታማሚው

አጭር ነው፣ ግን አትዝለሉት። የሞልተር ዓይነት መጠይቅ በብዙ አገር ተደግሟል። ዘመዶች የራሳቸውን ምቾት ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጡት። እኛም እንዲያው ነን።

አንድ ሰው በተከታታይ ከ12 ሰዓት በላይ አይቆይ። የጎንደር ሌሊት ይበርዳል፤ ጋቢ፣ ካልሲ፣ ፔርሙስ፣ ቻርጀር ይያዝ። ክረምት ከሆነ ላስቲክ ይጨመር። ጾም ላይ ያለ አዳሪ ማታ በደንብ ይብላ። ስኳር ወይም ግፊት ያለባት እናት የራሷን መድኃኒት ረስታ እንዳትውል አንዱ ልጅ በየቀኑ ይጠይቃት። ከገጠር የመጣችሁ በረንዳ ላይ ከመሰንበት አንድ ክፍል ከሌሎች አስታማሚዎች ጋር ተጋርታችሁ ተከራዩ።

ደረጃ 9፦ ክፉ ወሬ ሲመጣ

ሐኪሙ «ቤተሰብ ይጠራ» ካለ ተጠሪዋ ብቻዋን አትግባ። አንድ ጠንካራ ሰው ይከተላት። ቁጭ ብላችሁ ስሙ። «እየሞተ ነው ማለትዎ ነው?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ፤ የተድበሰበሰ ቃል ይዞ መውጣት ይብሳል። ሕመም እንዳይሰማው ምን እንደሚደረግለት፣ ማን ማን ገብቶ ሊሰናበተው እንደሚችል ጠይቁ።

ካረፈ በኋላ መርዶው ለማን፣ መቼ፣ በማን አፍ እንደሚነገር እዚያው ወስኑ። ስልክ በሙሉ ይያዝ፣ ፌስቡክ ላይ ማንም አይጻፍ። እናት ከልጇ አፍ ሳትሰማ ከስልክ እንዳትሰማ። ኡኡታው ከግቢው ውጭ ይሁን፤ ከግድግዳው ወዲያ የሌላ ሰው አባት ተኝቷል። አስከሬኑ ወደ ገጠር የሚሄድ ከሆነ ወረቀቱን ሳትይዙ አትነሱ። የሞት ማስረጃውን ተቀበሉ፤ ሞት በ30 ቀን ውስጥ በወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል። ጡረታና ባንክ በኋላ ይጠይቃችኋል።

ደረጃ 10፦ ከአይሲዩ ወደ ዋርድ (መደበኛው ማስተኛ ክፍል) ሲወጣ

እልልታው ይገባችኋል። ሥራው ግን ወደ እናንተ የሚዞረው አሁን ነው። አይሲዩ ውስጥ ነርሷ አጠገቡ ነበረች፤ ዋርድ ላይ ለብዙ ሰው አንዲት ነርስ ናት።

ከመውጣቱ በፊት ነርሷን እነዚህን አሳዩን በሏት፦ ማገላበጥ (መንቀሳቀስ ካልቻለ በየ2 ሰዓቱ)፣ ቱቦ ካለ አመጋገቡ፣ የሽንት ከረጢቱ። ከረጢቱ ሁልጊዜ ከወገቡ በታች ይንጠልጠል፣ መሬት ግን አይንካ። ጀርባውን፣ ተረከዙን፣ ዳሌውን በየቀኑ እዩ። ቀልቶ የማይመለስ ቦታ ካያችሁ የዚያኑ ቀን ተናገሩ።

የመጀመሪያውን ምግብ መቼና ምን እንደሆነ ሐኪሙ ሳይናገር አትጀምሩ። ሲበላ ካሳለው ወይም ድምፁ ከተለወጠ አቁሙና ነርሷን ጥሩ። ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ትኩሳት ከጀመረው፣ ወይም መቀስቀስ ካቃታችሁ ጠዋትን አትጠብቁ።

ቤት ሲገባ ጡንቻው ሟሙቶ ይሆናል። ማንኪያ ማንሳት ሊያቅተው ይችላል፣ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ይረሳል፣ ሌሊት ይባንናል፣ ይቆጣል። ስንፍና አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት አልጋው ላይ ቁጭ ማለት፣ ቀጥሎ በር ድረስ፣ ከዚያ አጥር ድረስ እያላችሁ አራምዱት። እናንተም ስልክ በጮኸ ቁጥር ልባችሁ የሚመታ፣ እንቅልፍ የማይወስዳችሁ ከሆነና ከወር በላይ ከቆየ በቀጠሮው ቀን ስትሄዱ የእናንተንም ተናገሩ።

ደብተሩን ለቀጠሮው ይዛችሁ ሂዱ። አባቴ በሦስተኛው ወር በከዘራ እየሄዱ ቀጠሮ ሲገቡ ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀን ደብተሩን ነው።